ቆቡ ከአዳማ፣ ልብሱ ከጅማ

ሻይ ሰዓት ላይ «የጅማው ጉዞ እንዴት ነበር?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ አንድም ቀን ከወሊሶ አሳልፌ ተርኬላችሁ አላውቅም። ወይ ደወል ይደወላል፣ ወይ ትራንስክሪፕት የሚፈልግ ተማሪ ቢሮዬ በር ላይ ይቆማል። አብዛኞቻችሁ ጅማን የማየት ሐሳብ እንደሌላችሁም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳይደወልብኝ ልጨርሰው ብዬ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጻፍኩት።

ነገሩ የተጀመረው ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ለአባቴ በደረሰች አንዲት ደብዳቤ ነው። አባቴ ታደሰ ድሮ አሰብ ወደብ ላይ ጠላቂ ነበር። ያን ጊዜ ጠላቂ ማለት እንደዛሬው ጀርባው ላይ የአየር ጠርሙስ አዝሎ እንደ ዓሣ የሚቀዝፍ ሰው አልነበረም። ከእግር እስከ አንገት ወፍራም የሸራና የጎማ ልብስ ለብሶ፣ ሶሉ እርሳስ የሆነ ጫማ አድርጎ፣ መስኮት ያለው የናስ ቆብ ራሱ ላይ ተደፍቶበት፣ ከላይ በቱቦ አየር እየተነፋለት የባህር ወለል ላይ እየተራመደ ይሠራ ነበር። አየሩን የሚያስነፉለትና ገመዱን የሚይዙለት ጋሽ ጀማል የሚባሉ የጅማ ሰው ነበሩ።

ሁለቱ የተጣሉት በገመድ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ሰው መናገር ስለማይችል የሚነጋገረው ገመዱን እየሳበ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳበ «መሣሪያ ላክልኝ»፣ አራት ጊዜ ከሳበ «አውጣኝ» ማለቱ ነው። አንድ ቀን አባቴ ከአንድ መርከብ ሥር ሆኖ መፍቻ እንዲላክለት ገመዱን ሳበ። ጋሽ ጀማል መፍቻ በመላክ ፋንታ እሱኑ ጎትተው አወጡት። በልብሱ ውስጥ የነበረው አየር ወደ እግሩ ሄዶ ስለነበር እግሩ ወደ ላይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ነው የወጣው። ወደብ ሙሉ ሰው ሳቀ። አባቴ «ሦስት ነው የሳብኩት» ይላል፤ ጋሽ ጀማል «አራት ነው» ይላሉ። መንግሥት ተለውጦ ከአሰብ ስንወጣ፣ ወደቡ አርጅቷል ብሎ የመረቀላቸውን መሣሪያ ተካፈሉት። አባቴ ቆቡን፣ ጋሽ ጀማል ልብሱን፣ ጫማውንና የአየር መንፊያውን ይዘው ተለያዩ። አንዱ ያለ ሌላው እንደማይጠቅም ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የተካፈሉትም ለዚያው ነው።

ቆቡ አዳማ ገብቶ የእናቴ የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። አባቴ ደግሞ ዕድሩ ድንኳን ሲተክል ገመድ ከመወጠር በቀር የረባ ሥራ ሳያገኝ አሥራ ሰባት ዓመት ጎረቤታችን ያለው ወፍጮ ቤት በር ላይ ተቀመጠ።

ደብዳቤዋ እንዲህ ትል ነበር፦ «ለወንድሜ ለታደሰ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የልጄ ባል ሊሙ ገነት ቡና ማጠቢያ አለው። ውሃ የሚስበው ቱቦ ከኩሬው ሥር ተደፍኗል። ኩሬው እንደ ቀይ ባህር ጥልቅ ስለሆነ የሚገባ ሰው ጠፋ። ገበሬው ቡናውን ለቅሞ እያመጣ ነው፤ ሳይታጠብ ከቆየ ይበላሻል። ልብሱ እኔ ዘንድ አለ። ቆቡን ላክልኝ። የሳብከው አራት ነበር። ጀማል።»

አባቴ ሁለት ጊዜ አነበባትና «ቆብ ያለ ጭንቅላት አይሄድም» ብሎ ሽንኩርቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈው።

ዕድሜው ስልሳ ስምንት ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል። እናቴና እኔ ሴት ልጁ ተማከርንና አብሬው ሄጄ፣ ቆቡን አስረክቤ፣ እሱን ደረቁን ይዤው እንድመለስ ተስማማን። የሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ቀን

ከአዳማ አዲስ አበባ መንገዱን ስለምታውቁት አልጽፍላችሁም። ቆቡን ማዳበሪያ ውስጥ ከተን ነበር። የታክሲው ረዳት ሊያነሳው ሞክሮ ሳይችል ቀረና «በግ ነው እንዴ?» አለን።

ለጅማ አውቶቡስ በጠዋት መነሳት ስላለብን አውቶቡስ ተራ አጠገብ አልጋ ያዝን። የአልጋ ቤቱ ሴትዮ ጀነሬተር ይዛችሁ አትገቡም ብላ በሩ ላይ ቆመች።

«ጀነሬተር አይደለም፣ ቆብ ነው» አላት አባቴ።

«የማን ቆብ?»

«የኔ።»

ማዳበሪያውን አየች። ከዚያ የአባቴን ጭንቅላት በደንብ አየችው። አላመነችም፤ ግን አዘነችለት መሰለኝ፣ ቁልፉን ሰጠችን። ክፍሉ ከእኛ ቤት ጓዳ ይጠባል። አባቴ ቆቡን አልጋው ላይ ከግድግዳው በኩል አስተኝቶ እሱ ከዳር ተኛ።

ሁለተኛው ቀን

ረዳቱ ማዳበሪያውን ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው ሲል አባቴ እምቢ አለና ጭኑ ላይ አድርጎት ተቀመጠ። ወሊሶን እንዳለፍን መንገዱ አንገጫገጨንና ማዳበሪያው ተንሸራቶ የቆቡ አናት ብቅ አለ። አባቴ ለጉዞው ብሎ በሎሚና በአመድ ሲወለውለው ስለከረመ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል።

ከፊታችን አስካለ የሚባሉ ነጠላ የለበሱ እናት ተቀምጠው ነበር፤ ጅማ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ። ዞር ሲሉ አዩት። ከመቀመጫቸው ተነሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ጎንበስ ብለው ቆቡን ተሳለሙት።

«የየትኛው ደብር ጉልላት ነው?» አሉ።

 አባቴ መልስ ሳይሰጥ ከኋላ ያሉትም ሰልፍ ያዙ። ኮሌጅ የሚማር አንድ ልጅ እንኳን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ተሳለመ። በመተላለፊያው ማዶ ኮፍያ ያደረጉ ሙስሊም አዛውንት ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር ጭን ላይ አይደረግም» ብለው ለቆቡ መቀመጫቸውን ለቀቁለት።

«ልንገራቸው?» አለኝ አባቴ በጆሮዬ።

«አሁን ብትነግራቸው ያወርዱናል» አልኩት።

ኬላ ላይ ፈታሹ ገብቶ ማዳበሪያውን ገለጠ። «ይኼ ምንድን ነው?» ሲል አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ «ጉልላት ነው» አለው።

«ጉልላት መስኮት አለው እንዴ?»

«ብርሃን እንዲገባ ነዋ» አሉት እማማ አስካለ፣ በአላዋቂነቱ አፍረውለት። ፈታሹም ባርኔጣውን አወለቀና ተሳልሞ ወረደ።

ወልቂጤ ለምሳ ወረድን። ጾመ ነቢያት ስለገባ ከእማማ አስካለ ጋር ሦስታችንም የጾም በያይነቱ አዘዝን። አባቴ አንድ ጉርሻ እንኳን ሳይጎርስ ሁሉንም ነገር ለእማማ አስካለ ተናዘዘ፤ ቆብ እንደሆነ፣ የባህር እንደሆነ፣ ለስንት ዓመትም ሽንኩርት ይቀመጥበት እንደነበር። እሳቸው ሽሯቸውን እያጠቀሱ ሰሙት።

«በዚህ ቆብ ከባህር ያወጣኸው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት።

«ሁለት ሰው። አንዱ አሁንም በሕይወት አለ።»

«እንግዲያው አልተሳሳትኩም» አሉና እጃቸውን ታጠቡ። ወደ አውቶቡሱ ስንመለስም ለማንም አልተናገሩም።

ከጊቤ በረሃ በኋላ አገሩ ይለወጣል። እኛ ጋ ኅዳር ማለት አቧራና ንፋስ ነው፤ ልብስ አጥባችሁ ስታሰጡ ከበፊቱ ብሶ ነው የምታገኙት። እዚያ ግን ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው፤ የአጥሩ እንጨት ሳይቀር ቅጠል ያወጣል። ደነባ አካባቢ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ከሩቅ ሲታይ አባቴ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?» ብሎ መላውን አውቶቡስ ጠየቀ። የሚያውቅ አልነበረም። ውሃው ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ አልተቀመጠም።

ጅማ ስንደርስ ይዘንባል። ጋሽ ጀማል ጥቁር ጃንጥላ ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ቆመዋል። ትንሽ ልጅ ሆኜ ሳውቃቸው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ አሁን ከእኔ ያጥራሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትክ ብለው ተያዩ። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ ብዬ መሐረብ አውጥቼ ነበር።

«መጣህ?» አሉ ጋሽ ጀማል።

«መጣሁ።»

«ቆቡስ?»

«መጥቷል። ሦስት ነው የሳብኩት።»

«አራት ነው። ና ግባ፣ ትበሰብሳለህ» ብለው ጃንጥላውን ዘረጉለት። እኔ በዝናቡ ውስጥ ማዳበሪያውን ጎትቼ ተከተልኳቸው።

ቤታቸው ጊንጆ የሚባል ሠፈር ነው። ባለቤታቸው አዴ ዘይነባ፣ «አዴ» እዚያ «እማማ» እንደ ማለት ነው፣ በር ላይ ጠበቁን። «ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ማሎ፣ እባካችሁ፣ ግቡ ግቡ» እያሉ እርጥብ ጫማችንን በእጃቸው ሊያወልቁልን ታገሉ። እንደምንጾም ሰምተው ኖሮ በጎረቤት ያሉ ክርስቲያኖችን ቅቤ የሌለበት ምን እንደሚበላ ሲጠይቁ ውለዋል። በዘይት የተሠራ ማርቃ፣ እኛ ገንፎ የምንለውን፣ አቀረቡልን። ጎደሬና ማርም ነበር። አቮካዶማ አይነሳ። እኛ አዳማ አቮካዶ በፍሬ ተመርጦ፣ ተዳብሶ ይገዛል፤ እዚያ ከዛፉ እየወደቀ ቆርቆሮውን ድው ሲያደርገው ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እኔ ግን ድው ባለ ቁጥር እደነግጥ ነበር፣ አዴ ዘይነባም በደነገጥኩ ቁጥር አንድ አቮካዶ ይጨምሩልኝ ነበር። አምስት በላሁ።

ቆቡን ከአንድ ግንድ በተጠረበችው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። የአየር መንፊያው ደግሞ ጥግ ላይ ጥልፍ ለብሶ ቴሌቪዥን ተሸክሟል።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ልብሱ ከአልጋ ሥር ወጣ። አይጥ በልታዋለች፤ ያውም መቀመጫው ላይ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀዳዳው ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

«አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የጠበቅከው?» አለ አባቴ።

«አንተስ ቆቡን ሽንኩርት ሽንኩርት እንዲሸት አድርገኸው የለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ጀማል።

ሠፈሩ ውስጥ ቶፊቅ የሚባል ጎሚስታ አለ። ልብሱን፣ ቆቡንና ጫማውን በባጃጅ ጭነን ወሰድንለት። ቶፊቅ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ምን እንደሆነ እንኳን አልጠየቀም። ቀዳዳውን በአሮጌ ውስጠኛ ጎማ ለጠፈውና «ሌላ ቦታ የሚተነፍስ ካለ በአየር ነው የሚታወቀው» አለ። ልብሱን ወንበር ላይ አስቀመጥነው፣ ቆቡን ገጠምንለት፣ የእጅጌውን ጫፍ በጎማ አሰርነው። ቶፊቅ የኮምፕረሰሩን ቱቦ ከቆቡ ጋር አገናኝቶ ለቀቀው።

ልብሱ ቀስ እያለ ወፈረ። ሆዱ ወጣ፣ ጭኑ ተነፋ። ከዚያ ሁለት እጆቹ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሱ፣ ልክ «እጅ ወደ ላይ» እንደተባለ ሰው። መንገዱ ቀጥ አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር እሱን ሲያይ በዝግታ፣ ፍሬን እንኳን ሳይዝ፣ ቦይ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴት ከያዘችው ዘንቢል ሥር ልጇን ፈለገች፤ ልጇ ግን ጀርባዋ ላይ ነበር።

ቶፊቅ እንደ ማንኛውም ጎማ ቆጥሮት ልብሱን በሳሙና ውሃ ቀባው። አረፋው በየት በኩል እንደወጣ አልነግራችሁም፤ የተለጠፈችው ቦታ በደንብ አልያዘችም ነበር ማለት ብቻ ይበቃል። የተሰበሰበው ሰው በጨዋነት ሰማይ ሰማዩን አየ። ቶፊቅ ሁለተኛ ልጣፍ ደረበበትና «አሁን ዚዋይ ድረስ ይሄዳል» አለ። ያን ቀን ከአፉ የወጣ ሁለተኛውና የመጨረሻው ንግግር እሱ ነው።

አራተኛው ቀን

ወደ ሊሙ ገነት በአይሱዙ ሄድን። የጋሽ ጀማል ልጅ ባል፣ ናስር፣ ነው የላከልን። አባቴና ጋሽ ጀማል የደም ግፊቱን መድኃኒት ጨምሮ ሁሉንም ነገር ይዘው ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከኋላ ከአየር መንፊያው ጋር ተጫንኩ። ልጣፉ እንዳይታጠፍ ልብሱን ሣር ሞልተውት፣ ቆቡንም እንዳይመታ ገጥመውበት፣ አጠገቤ አስቀምጠውት ነበር።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው። እኛ ጋ መኪና አሸዋ ውስጥ ሲቀበር ሰው ይሳደባል፤ እዚያ ሰው ከየቡናው ጫካ ወጥቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ገፍቶ፣ ተሰናብቶ ይመለሳል። ሁለተኛው ጭቃ ላይ መኪናውን ከገፉት መካከል አንድ ጃርሳ፣ ሽማግሌ ማለት ነው፣ «እስከ ገበያው አድርሱኝ» ብለው ተሳፈሩና ከልብሱ አጠገብ ተቀመጡ። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡት። ዝም አላቸው። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ ጠየቁት። ዝም። እኔ ልናገር ስል መኪናው እያንገጫገጨ ምላሴን ያስነክሰኛል። ሽማግሌው በመጨረሻ የጋቢናውን መስኮት አንኳኩና ለጋሽ ጀማል ስሞታ አቀረቡ፤ እንግዳችሁ ኩራተኛ ነው፣ ሰላምታ አይመልስም እያሉ።

ጋሽ ጀማል በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። «ይቅርታ አባ፣ እሱ አማርኛ ብቻ ነው የሚሰማው» አሉ።

ሽማግሌው ወደ ልብሱ ዞሩና በተሰባበረ አማርኛ «እንደምን ዋልክ?» አሉት። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ቆቡ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተመለሰ። «አሁን ገና ሰው ሆነ» አሉና ገበያው ጋ ረክተው ወረዱ።

የናስር ማጠቢያ ጋ ስንደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ገበሬዎች በየጆንያቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። የመፈልፈያው ማሽን ዝም ብሏል። የቀይ ቡናው ክምር ውስጥ እጄን ስከት ሞቆኛል፤ ማሽተትም ጀምሯል። ናስር ቀጭን፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ ወጣት ነው። «መካኒኩ ከአዲስ አበባ ዛሬ ነገ እያለ ሳምንት አለፈው። ከነገ ወዲያ ካለፈ ወላሂ ይኼን ሁሉ ሰው ምን ብዬ ነው የምመልሰው?» አለን።

ኩሬው ከጀርባ ነው፤ ቄጠማ የወረሰው፣ ጥቁር፣ ዝም ያለ ውሃ። ሥር የለውም ይላሉ። አምና አንዲት ላም ገብታ አልወጣችም ይባላል፤ የማን ላም እንደሆነች ግን ሁሉም ሌላ ሰው ይጠራል። ዋና የሚችል አልነበረም፣ የለካውም የለም።

አባቴን ወደ ጎን ጠራሁት። «አባዬ፣ ቆቡን አምጥተሃል፣ በቃ። ሌላ ሰው ይልበሰው። ደረቁን እመልሰዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ኩሬውን እያየ ነው የመለሰልኝ። «አሥራ ሰባት ዓመት ደረቅሁ እኮ» አለ።

 መድኃኒቱን ሰዓቱን ጠብቄ አስዋጥኩትና የናስር ሚስት ያቀረበችልንን ንፍሮ በላን።

አምስተኛው ቀን

ልብሱን ማልበስ አንድ ሰዓት ፈጀ። እጁ እንዲሾልክ በሳሙና ቀቡት፤ ወፍራም ሹራብ፣ ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ ጫማው። አባቴ አማተበ። ጋሽ ጀማል ቢስሚላህ ብለው ቆቡን ደፉበትና አጠበቁት። በዚያን ሰዓት ሁለቱም ስለ ገመድ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እጆቻቸው የሚሠሩትን ያውቁ ነበር። ናስርና አንድ ጎልማሳ ገበሬ የአየር መንፊያውን መዘውር ያዙ፤ ገመዱን ጋሽ ጀማል ለማንም አልሰጡም። የመስኮቱ መስታወት ሲዘጋ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

አባቴ በመሰላሉ ወረደ። አንድ እርምጃ፣ ጉልበቱ። ሁለት፣ ወገቡ። ሦስት፣ ደረቱ። ከዚያ ቆመ። ሥሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ያ ሥር የለውም የተባለው ኩሬ እስከ ደረቱ ነው። የባህር ወለል ረጋጩ አባቴ፣ ትከሻውና የሚያብለጨልጨው ቆቡ ከውሃው በላይ ሆኖ፣ በቄጠማው መሐል እንደ ሐውልት ተገትሯል። ማንም አልሳቀም። የአገሩ ሰው ጨዋ ነው። አንዲት አሮጊት ብቻ ለጎረቤታቸው አንድ ነገር አሉ፤ ናስር ቀስ ብሎ ተረጎመልኝ፦ «ሥር አለው ለካ።»

«ናስር፣ አየሩን አታቋርጥ» አሉ ጋሽ ጀማል። ሠላሳ ሜትር ላይ ሰው እንዳላቸው ሆነው ገመዱን ወጥረው ይዘዋል። ቆቡ በዝግታ ወደ እኛ ዞረ። በመስታወቱ ውስጥ የአባቴ ዓይን ታየኝ። ምን ማድረግ እንዳለበት የማያውቅ ልጅ ዓይን ነበር። እኔም «አውልቀውና ግባ» ልል አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

አባቴ ተንበረከከ። ውሃው ቆቡ ላይ ተዘጋ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ። የተሰበሰበው ሰው እፎይ አለ፤ አሁን ጠላቂ ጠለቀ።

ግማሽ ሰዓት በጉልበቱ እየዳኸ ጭቃውን ቆፈረ። በመጨረሻ ገመዱ ተነቃነቀ። እኔ ከጋሽ ጀማል አጠገብ ሆኜ እየቆጠርኩ ነበር፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ አንዲት ደካማ መወዝወዝ። ጋሽ ጀማል በሙሉ ጉልበታቸው ጎተቱ፤ ገበሬዎቹም አገዟቸው። አባቴ በጀርባው ተንሸራትቶ፣ የቶፊቅ ልጣፍ ጭቃው ላይ እየተጎተተች፣ ሁለት እግሩን አንፈራጦ ከዳር ወጣ። በእጁ ቱቦውን የደፈነውን የበሰበሰ ጆንያ አጥብቆ ይዟል።

መስታወቱ ሲከፈት የመጀመሪያ ቃሉ «ሦስት ነው የሳብኩት፤ አካፋ ፈልጌ ነው» የሚል ነበር።

«አራት ነው። ልጅህ ትመስክር» አሉ ጋሽ ጀማል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያየሁትን ተናገርኩ። «ሦስት ተኩል ነው» አልኩ። «ሦስቴ ከሳብክ በኋላ እግርህ አዳልጦህ ገመዱ ተወዘወዘ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «ተኩል?» አለ አባቴ። ጋሽ ጀማል ጭቃውን ከቆቡ ላይ በእጅጌያቸው ጠረጉ። «አሰብም አዳልጦህ ይሆን?» አሉ። አባቴ «መርከቡ አልጌ ነበረው» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሁለቱንም የሆነ ነገር ያዛቸውና ልጅነቴ የተመለሰ እስኪመስለኝ ድረስ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ናስር ሞተሩን አስነሳ። ቱቦው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ውሃው መጣ። በቦዩ ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ። ማሽኑ ያን ቀን ሙሉ ሳያርፍ ሠራ፤ ቀይ ቡና በአንድ በኩል እየገባ ነጩ ፍሬ በሌላው ይወጣል። ሽማግሌዎቹ ከቦዩ ዳር ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው የተኩሉን ነገር ሲከራከሩ ዋሉ፤ ወደ ሦስት ይጠጋል ወይስ ወደ አራት።

ስድስተኛው ቀን

ወሬ በቡና አገር ከአይሱዙ ይፈጥናል። ጠዋት ቁርስ ሳንጨርስ ሰው በር ላይ ነበር። አንዱ ባልዲው ወንዝ ውስጥ ቀርቶበታል። አንዱ ሞባይሉ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶበታል። አባቴ ይኼኛውን በትሕትና «እኔ የባህር ሰው ነኝ» ብሎ መለሰው፤ ሰውየው ግን የልብሱን ቀዳዳ የለጠፈው ማን እንደሆነ ጋሽ ጀማልን ጠይቆ ሄደ፣ ራሱ ሊሞክር መሰለኝ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ከሰርቦ የመጡት ሰው ግን ቁም ነገር ይዘው ነበር። የቡና ማጠቢያቸው ፓምፕ ራሱ ከነሞተሩ ተንሸራቶ ኩሬ ገብቷል።

«ኩሬው ምን ያህል ይጠልቃል?» አላቸው አባቴ።

«እህ፣ እሱስ ሥር የለውም» አሉ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች አልተያዩም፤ እኩል ተነሱና ልብሱን ሣር መሙላት ጀመሩ። ከነገ ወዲያ ሥራዬ ላይ መገኘት እንዳለብኝ ስነግረው አባቴ «አንቺ ሂጂ እንጂ» አለኝ፣ ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ በቢላ እየፋቀ። ከሰዓት በኋላ እነሱ ወደ ሰርቦ፣ እኔ ወደ ጅማ ተለያየን። አዴ ዘይነባ ዘንድ አደርኩ። ለመንገድ አቮካዶ ሰጡኝ፤ ማዳበሪያ ሙሉ።

ሰባተኛው ቀን

አውቶቡሱ በጠዋት ከጅማ ወጣ። ሰርቦ ስንገባ ከመንገዱ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ መስኮት ሲጎርፍ ግን አቆመ።

አባቴ ልብሱን ለብሶ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የኩሬው ዳር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቆቡ ተደፍቶለታል፤ የፊቱ መስታወት ብቻ ገና አልተዘጋም። ጋሽ ጀማል መስታወቱን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ። መስኮቱን ከፍቼ «አባዬ» ብዬ ተጣራሁ። አንገቱን ማዞር ስለማይችል ከወገቡ በላይ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

«አንቺ ነሽ? መድኃኒቴን ወስጃለሁ።»

«እማዬ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?»

ከናሱ ውስጥ ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ መጣ።  አሥራ ሰባት ዓመት ወፍጮ ቤት በር ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን መልስ ሲሰጥ ሰምቼው አላውቅም።

«ሥራ ላይ ነው በያት» አለ።

ጋሽ ጀማል መስታወቱን ዘጉለትና ብሎኑን አጠበቁ።